ተጨማሪ መረጃ፦ ጅማ በቡና አበባ ጊዜ
ቡና ሲለቀም ማየት የሚፈልግ ሰው በጥቅምትና በኅዳር ጅማ ይሄዳል፤ አበባውን ማየት የሚፈልግ ግን ዕድልም ያስፈልገዋል። በበጋው ሳይከፈት የቆየው እምቡጥ የበልግ ዝናብ ካገኘ ከሳምንት ገደማ በኋላ ባንድ ጊዜ ይፈነዳል። በአጋሮና በሊሙ የቡናው ቅርንጫፍ ሁሉ ነጭ ይለብሳል፤ ሽታውም የጃስሚን አበባን ያስታውሳል። አበባው ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ ይረግፋል። ስለዚህ ቀን ቆርጦ መሄድ አያዋጣም። አበባው ካመለጠ (ብዙ ጊዜ ያመልጣል) ጅሬን ኮረብታ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙት የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አለ። የቡናው ፍሬ ደግሞ ከአበባው በኋላ ስምንት ወር ገደማ ቆይቶ ይቀላል፤ ተለቅሞና ደርቆ በአዲስ አበባ በኩል ወደ ጅቡቲ ወደብ ይጓዛል። የዓለም ገበያም ይህን ደረቅ ቡና «ጅማ» ብሎ ይጠራዋል።