እረኛው ተማሪም ለሳይንስ ውድድር ይበቃል

ደወሌ በሶማሌ ክልል በሲቲ ዞን፣ በኢትዮጵያና በጂቡቲ ወሰን ላይ የምትገኝ የባቡር ጣቢያ ከተማ ናት። የቀድሞው የምድር ባቡር ሐዲድ ከጂቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ የደረሰው በዚችው ሥፍራ አልፎ ነው። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡርም በዚሁ ያልፋል። ይሁን እንጂ በከተማዋ ዙሪያ ያለው ሕዝብ አብዛኛው ኑሮው በፍየል፣ በበግ፣ በግመልና በከብት ላይ የተመሠረተ ነው። ግጦሽ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን የሲቲ አርብቶ አደር በ2007 እና በ2008 ዓ.ም. በደረሰው ድርቅ በገዛ መንጋው ላይ አይቶታል።

ታዲያ በዚህ አካባቢ የሚማር፣ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ፍየል የሚጠብቅ ወጣት፣ ወይም ውሃ ልትቀዳ ሩቅ የምትሄድ ልጃገረድ፣ በሳይንስ ምርምር ከሌሎች ተማሪዎች ጋር ለመወዳደር ይችላሉን? «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» የሚለውን አባባል የሚያስቀድም ሰው አይችሉም ይል ይሆናል። በሌላ አገር የታየው ግን ከዚህ የተለየ ነው።

ውድድሩ ምንድን ነው?

የሳይንስ ምርምር ውድድር ከክፍል ፈተና ይለያል። በፈተና ጊዜ መልሱ አስቀድሞ በመምህሩ እጅ አለ። በምርምር ውድድር ግን ተማሪው መልሱ ያልታወቀ ጥያቄ መርጦ፣ ራሱ ሞክሮ፣ ያገኘውን በዳኞች ፊት ቆሞ ያስረዳል። በአሜሪካ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1950 የተጀመረውና ኋላ ዓለም አቀፍ የሆነው የሳይንስና የኢንጂነሪንግ ትርኢት ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያሉ ተማሪዎችን ያወዳድራል። ተወዳዳሪው ወደዚያ በቀጥታ አይገባም፤ አስቀድሞ ትርኢቱ በሚያውቀው የአገር ወይም የአካባቢ ውድድር መመረጥ አለበት። በአገራችንም ስቴምፓወር የተባለው ድርጅት ከዩኒቨርሲቲዎች ጋር በመተባበር ተማሪዎች በእጃቸው እየሠሩ የሚማሩባቸውን የሳይንስ ማዕከሎች አቋቁሟል። ስለዚህ መሰላሉ የሚጀምረው ከታች፣ ከትምህርት ቤቱ ግቢ ነው።

ከቤትና ከጓሮ የተነሡ ጥያቄዎች

ሄመን በቀለ በአዲስ አበባ ተወልዶ በ4 ዓመቱ ከወላጆቹ ጋር ወደ አሜሪካ የሄደ ልጅ ነው። በኢትዮጵያ ሳለ በፀሐይ ሐሩር ሲሠሩ የሚውሉ ሠራተኞችን ማየቱ በልቡ ቀረ። ካደገ በኋላ ፀሐይ የቆዳ ካንሰር ልታመጣ እንደምትችል ሲረዳ፣ ዋጋው ለድኻ የማይከብድ፣ ለቆዳ ካንሰር ሕክምና የሚረዳ ሳሙና ማዘጋጀት ይቻል እንደሆነ ጠየቀ። በዚህም ሐሳብ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2023፣ በ14 ዓመቱ፣ ስሪ ኤም የተባለው ኩባንያ የሚያዘጋጀውን የወጣት ሳይንቲስቶች ውድድር አሸንፎ 25 ሺህ ዶላር ተሸለመ። ሳሙናው በዚያን ጊዜ ገና ብዙ ምርመራ የሚቀረው እንጂ ለሕመምተኛ የሚታዘዝ መድኃኒት አልነበረም። ዳኞቹ የመዘኑት የጥያቄውን ጠቃሚነትና የልጁን የአሠራር መንገድ ነው።

ሄመን ያደገው በበለጸገ አገር ነው የሚል ሰው ቢኖር፣ የስዋዚላንድን፣ የዛሬዋን ኤስዋቲኒን፣ ልጆች ይመልከት። ሳኪዌ ሾንግዌና ቦንኬ ማህላሌላ የተባሉ የ14 ዓመት ተማሪዎች፣ አነስተኛ ገበሬ ከአካባቢው በሚያገኘው የተጣለ ዕቃ ያለ ማሳ አትክልት የሚያበቅልበትን ቀላል ዘዴ ሞከሩ። ሥራቸው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2012 በጎግል የሳይንስ ውድድር 50 ሺህ ዶላር የሚያሰጥ ልዩ ሽልማት አገኘ።

በአየርላንድም ከኪንሴል ከተማ የመጡ ሦስት ልጃገረዶች የጥያቄያቸው መነሻ የአተር ሥር ነው። ከመካከላቸው አንዷ ከእናቷ ጋር በጓሮ ስትሠራ በሥሩ ላይ እብጠት አየች። እብጠቱ ባቄላና አተር መሬትን እንዲያዳብሩ የሚያደርጉት ረቂቅ ሕዋሳት ቤት ነው። ልጆቹም ይኸው ሕዋስ የገብስና የአጃን ዘር ቢነካ ምን ይሆናል ብለው በሺህ የሚቆጠር ዘር ሞከሩ። የገብሱ መብቀያ ጊዜ እስከ ግማሽ ድረስ አጠረ፤ በሙከራቸውም ምርቱ እስከ 74 በመቶ ጨመረ። በዚህም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2014 የጎግልን ውድድር አሸነፉ። አተር ያበቀለ መሬት ለሚቀጥለው እህል እንደሚስማማ የእኛም ገበሬ ከጥንት ያውቃል። እነርሱን የለያቸው ቆጥረው መመዝገባቸው ነው።

ደወሌ ላይ ምን ይጠየቅ?

በ1970ዎቹ ገደማ ለጥላና አፈር ለመጠበቅ ተብሎ ወደ አገራችን የገባው ፕሮሶፒስ፣ በአፋር በኩል የወያኔ ዛፍ የሚባለው እሾኻም ተክል፣ ዛሬ በአፋር፣ በድሬዳዋና በሲቲ ግጦሹን እየወረሰ ነው። እንስሳት ጣፋጭ ፍሬውን ይበላሉ፤ ጠንካራው ዘር ግን ሳይፈጭ በሆዳቸው አልፎ በደረሱበት ይበቅላል። ይህን እረኛ ሁሉ ያያል። ታዲያ ከፍየል፣ ከግመልና ከከብት ዛፉን ይበልጥ የሚያዛምተው የትኛው ነው?

ይህ ለአንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሚመጥን ጥያቄ ነው። ከፍየል በጠጥ 100 ዘር፣ ከግመል ፋንድያ 100፣ ከከብት እበት 100 ይለቀም። ለማነጻጸሪያም እንስሳ ያልበላው 100 ዘር ከፍሬው ይውጣ። እያንዳንዱ በአራት ተከፍሎ በ25፣ በ25 በአሮጌ ጣሳ ይተከል። አፈሩ አንድ ዓይነት፣ ውሃውም በአንድ ኩባያ የተለካ ይሁን። ተማሪው ለ30 ቀን በየማለዳው የበቀለውን ቆጥሮ ከነቀኑ ይጻፍ። በጠጥና እበት ሲነካ እጁን በሳሙና ይታጠብ። ሙከራው ሲያበቃ ችግኙና የቀረው ዘር በሙሉ መቃጠል አለበት፤ አለዚያ ተመራማሪው ራሱ ዛፉን ያዛምታል።

በዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ይህ ጸሐፊ በኮሌጅ ሳለ የማሽላ ዘር ሙከራ ዘርቶ፣ የየመደቡን ምልክት በእንጨት ላይ ሳይጽፍ በቃሉ ይዞ ቀረ። ማሽላው አማረ፤ የትኛው መደብ የትኛው ዘር እንደ ነበረ ግን ማንም ሊናገር አልቻለም። የአንድ ክረምት ድካም በአንድ እርሳስ ጉድለት ከንቱ ሆነ። ዳኞችም የሚጠይቁት ይህንኑ ነው። ስንት ጊዜ ሞከርህ? ከምን ጋር አነጻጸርህ? የትኛውን ራስህ ሠራህ፣ የትኛውን ሌላ ሰው ረዳህ? ደብተር የሌለው ተማሪ ለእነዚህ መልስ የለውም።

የማኅበር መሪዎች ድርሻ

ተማሪው ጥያቄና ትጋት ሊኖረው ይችላል። የሚያጥረው ጊዜ፣ ቦታና ሰሚ ነው። እነዚህን ሊሰጡት የሚችሉት እናንተ ናችሁ።

አንደኛ፣ በስብሰባችሁ ላይ የሳይንስ መምህሩንና ተማሪዎቹን ጠርታችሁ፣ በግጦሹ፣ በውሃውና በእንስሳው ላይ ያስቸገራችሁን ንገሯቸው። የአዛውንቶች ዕውቀት የጥያቄ ምንጭ ነው።

ሁለተኛ፣ ለሙከራው ወር የልጁ የጥበቃ ተራ በጎረቤት እንዲሸፈን ከወላጆች ጋር ተስማሙ። ለልጃገረድ ይህ ከሁሉ ይበልጣል፤ ማለዳ ጀሪካን ይዛ የምትሄድ ልጅ ማለዳ የበቀለውን ልትቆጥር አትችልም።

ሦስተኛ፣ ፍየል የማይደርስበት የታጠረ ጥግ ስጡ።

አራተኛ፣ ሥራው ሲያልቅ ለወረዳው የትምህርትና የእርሻ ጽሕፈት ቤቶች ደብዳቤ ጽፋችሁ ውድድር መቼና የት እንዳለ አስጠይቁ። የድሬዳዋ፣ የሐረማያና የጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲዎች ለምክር የሚጠየቁ ጎረቤቶቻችን ናቸው።

በተረፈ የልጁን ሥራ አትሥሩለት። ውጤቱ እናንተ ካሰባችሁት የተለየ ቢሆንም እንዲለውጠው አታስገድዱት። «ልዩነት አላገኘሁም» ብሎ በሐቅ የጻፈ ተማሪም ምርምር ሠርቷል።

ሽልማቱን ከብዙዎቹ የሚወስዱት ጥቂቶች ናቸው። የደወሌው ተማሪ ባይሸለም እንኳ ደብተሩ በማኅበሩ እጅ ይቀራል። ፍሬ የበላ መንጋ ወደ ንጹሕ ግጦሽ ከመነዳቱ በፊት የትኛው በበረት ይቆይ፣ ፍሬውስ ዘሩ እስኪደቅ ተፈጭቶ ለመኖ ይሰጥ ወይ ብላችሁ ስትመክሩ፣ ከገዛ ልጃችሁ የተቆጠረ ማስረጃ ይኖራችኋል። ልጅ ያቦካው ለራት የሚበቃበት ጊዜ አለ፤ ዱቄቱንና ውሃውን ያቀረበለት ሰው ካገኘ ነው።