ሐምሌ ላይ ምን ትበሉ ነበር?

አያቴን «በልጅነታችሁ ትራቡ ነበር?» ብዬ ስጠይቃቸው «ኧረ እኛስ አልተራብንም!» አሉኝ። «ሐምሌ ላይስ ምን ትበሉ ነበር?» ስላቸው ግን ዝም አሉ። ቆይተው «ጎመን» አሉ። (እናንተም ቤት ስትጠይቁ በወር ጠይቁ።)

በጎንደር ገጠር ዋናው አዝመራ የሚሰበሰበው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። ክረምት ላይ ጎተራው ይሟጠጣል፤ የቀረው ዘር ነው፣ ዘር ደግሞ አይበላም። እስከ 1975ቱ (በኢትዮጵያ 1967) የመሬት አዋጅ ድረስ አብዛኞቹ የእኛ ሰዎች ርስት ስላልነበራቸው የሰው መሬት እያረሱ ከምርቱ ያካፍሉ ነበር። ጉድለቱን ሴቶቹ ሸክላ ሠርተው፣ ወንዶቹ ብረት ቀጥቅጠው ይሞሉታል። ሸክላ ግን በዝናብ መቼ ይደርቅና! እህሉም ገበያውም የሚጠፋው አንድ ሰሞን ነው።

«እናቴ ‹እኔ ቀምሻለሁ› ትለን ነበር» አሉኝ አያቴ፤ «ስትቀምስ ግን አላየኋትም።»