ክሎሪኑን ማን በላው?

ክረምት ላይ ከወልድያ ወደ መርሳ የተጓዘ ሰው የወንዞቹን ቀለም ያውቀዋል፤ ማኪያቶ ነው የሚመስሉት። ከደጋው አፈሩን፣ እበቱን፣ የበሰበሰ ቅጠሉን ጠራርገው ሀብሩ ቆላ ላይ ያወርዱታል። መስከረም ሲጠባ ይጠራሉ፣ እኛም «አሁንማ ጥሩ ነው» ብለን እንቀዳለን።

ግን ውሃው ቀዳዳው 0.45 ማይክሮሜትር በሆነ ማጣሪያ ቢያልፍ እንኳ አብሮ የሚያልፍ ነገር አለ። የሟሟ ኦርጋኒክ ቁስ ይሉታል። ከቅጠል፣ ከአልጌ፣ ከእበት፣ ከሰው ዓይነ ምድር የሚመጣ ነው። ውስጡ ካሉት አንዱ አሚኖ አሲድ ነው፤ አዎ፣ ያው የጂም ልጆች የሚያወሩለት የፕሮቲን መሥሪያ። አብዛኛው ለብቻው ሳይሆን እርስ በርሱ ተያይዞ ነው የሚገኘው።

ታዲያ ምን አገባን? ጀሪካን ላይ ውሃ አጋር ስትጨምሩ ክሎሪኑ ጀርም እንዲገድል ነው። አሚኖ አሲድ ግን ናይትሮጅን አለው፣ ክሎሪን ደግሞ ይሄን ናይትሮጅን ሲያገኝ ቶሎ ይያያዛል። የሚፈጠረው ኦርጋኒክ ክሎራሚን ጀርም ላይ ደካማ ነው። ደሞዝ ገብቶ ባለዕዳ ቀድሞ ሲወስደው ማለት ነው፤ ለቤት አስቤዛ የሚተርፈው ሳንቲም ነው። የባሰው ደግሞ አንዳንዱ ክሎራሚን በመመርመሪያው ላይ ነጻ ክሎሪን መስሎ መታየቱ።

በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ፣ በጦርነቱ ወራት፣ ወልድያ ላይ መብራት ሲጠፋ የቧንቧ ውሃም አብሮ ጠፋ። ሰው ጀሪካኑን ይዞ ወንዝና ምንጭ ወረደ። እንዲህ ባለ ጊዜ አንድ ክዳን ክሎሪን ጠብታው ሁሉ ዋጋ አለው።

ድፍርስ ውሃ መጀመሪያ ይዝቀጥ፣ ከዚያ በታጠፈ ንጹህ ጨርቅ ይጠለል። ጨርቁ የሟሟውን አይዝም፣ ግን ጭቃውን ይቀንሳል። ለድፍርስ ውሃ የተለመደው ምክር መጠኑን እጥፍ ማድረግ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ30 ደቂቃ በኋላ በሊትር ቢያንስ 0.5 ሚሊግራም ነጻ ክሎሪን እንዲተርፍ ይመክራል። ማፍላትም ይሠራል፣ ማገዶው ግን ብር ነው።

«ክሎሪን ካንሰር ያመጣል» የሚለው ወሬ መነሻ የለውም አልልም። እ.ኤ.አ. በ1974 ሆላንዳዊው ዮሃንስ ሩክ ክሎሪን ከኦርጋኒክ ቁስ ጋር ሲገናኝ ክሎሮፎርም እንደሚፈጠር አሳይቷል። ቢሆንም የዓለም ጤና ድርጅት ይሄን ፈርታችሁ ጀርም መግደሉን አትተዉ ነው የሚለው። ተቅማጥ ቀጠሮ አይሰጥም።

አንድ ደስ የሚለኝ ነገር አለ። ትሪፕቶፋን የሚባለው አሚኖ አሲድ አልትራቫዮሌት ብርሃን ሲያርፍበት መልሶ ያበራል፤ በዓይን አይታይም፣ መሣሪያ ግን ወዲያው ያነበዋል። በዓይነ ምድር የተበከለ ውሃ ላይ ይህ ብርሃን ይጨምራል። ዛምቢያ ውስጥ የመጠጥ ውሃ ላይ ሞክረውታል። መርሳ ወንዝ ላይ ቢሞከር፣ ከከብት ማጠጫውና ከልብስ ማጠቢያው በታች የት ላይ እንደሚደምቅ ለመገመት የአካባቢው ልጅ መሣሪያም አያስፈልገው።