ቅጥቅጥ፦ ቦዲው በእጅ የሚሠራው አውቶብስ

ቅጥቅጥ በጭነት መኪና ሻንሲ ላይ ቦዲው እዚሁ አገር ውስጥ በእጅ ተሠርቶ የሚገጠምለት መካከለኛ አውቶብስ ነው። ሞተሩ፣ ካምቢዮው፣ ባሌስትራውና ሻንሲው ከፋብሪካ እንደወጡ ይቀራሉ። ከዚያ በላይ ያለው ግድግዳ፣ ጣሪያ፣ በር፣ የጎማ ሽፋን (ፓራፋንጎ) እና ማዕዘን ሁሉ የብየዳና የላሜራ ሠራተኞች የእጅ ሥራ ነው። በምሥራቅ ጎጃም ከብቸና ወደ ደጀን ወይም ከሞጣ ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ መንገደኛ መናኸሪያ ገብቶ ከሚሳፈርባቸው መኪናዎች አንዱ ይኸው ነው።

በጭነት መኪና ሰው ማጓጓዝ በኢትዮጵያ የቆየ ነገር ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የጣሊያን ወረራ ጊዜ የገቡት ፊያት 634 መኪናዎች፣ በሕዝቡ አጠራር «ትሬንታ ኳትሮ»፣ ወራሪው ከወጣም በኋላ እህልና ሰው ሲያመላልሱ ኖረዋል። በኋላ ቦታውን የያዘው የጃፓኑ አይሱዙ ነው። ኩባንያው ኤልፍ የተባለውን ቀላል የጭነት መኪና ማምረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1959 ሲሆን፣ ኢትዮጵያ ውስጥ በብዛት የሚታየው ኤንፒአር የዚያው ዘር ነው። ባለአራት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተሩን የማያውቅ መካኒክ አይገኝም፤ መለዋወጫውም እንደልብ ነው። ባለንብረቶች ለአውቶብስነት የመረጡት በዚህ ምክንያት ነው። ፊሊፒንስም ተመሳሳይ ታሪክ አላት፤ የአሜሪካ ጦር ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ትቶ የሄዳቸው ጂፖች በእጅ ረዝመውና ሰፍተው ጂፕኒ የተባለውን የሕዝብ ማመላለሻ ወልደዋል።

የሥራው የመጀመሪያ ጥያቄ ስፋት ነው። የኤንፒአር ሰፊው ጋቢና 2 ሜትር ያህል ይሰፋል። ጭነት ለሚያጓጉዝ ይህ ይበቃል፤ ሰው ለሚያጓጉዝ ግን አይበቃም። በአንድ ረድፍ አራት ሰው ቢቀመጥና ለእያንዳንዱ 45 ሳንቲ ሜትር ቢታሰብ መቀመጫው ብቻ 1 ሜትር ከ80 ይወስዳል። መተላለፊያውና የሁለቱ ግድግዳዎች ውፍረት ሲጨመሩበት ቦዲው ከጋቢናው መስፋት ግድ ይሆንበታል። ስለዚህ ግድግዳው ከጎማው አልፎ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ፓራፋንጎው ይሰፋል፤ ጠባቡ ፊት ከሰፊው ጎን ጋር የሚገናኝበት ማዕዘንም አዲስ ቅርጽ ይፈልጋል። ሌላም ችግር አለ። የአይሱዙ ጋቢና ሞተሩን ለመጠገን ወደ ፊት የሚደፋ ነው። ከቦዲው ጋር አንድ ላይ ሲበየድ መደፋቱ ይቀራል፤ በምትኩ ከሹፌሩ ጎን የሚከፈት የሞተር ክዳን ይሠራለታል።

ሥራው ከአጽሙ ይጀምራል። የጭነት ሳጥኑ ይነሣና በሻንሲው ላይ ተሻጋሪ ብረቶች ይደረደራሉ። ጥንቁቅ ሠራተኛ እነዚህን ብረቶች በዩ ቅርጽ ብሎን ያስራል እንጂ ከሻንሲው ጋር አይበይዳቸውም፤ የብየዳ ሙቀት የሻንሲውን ብረት ያዳክማል፣ ስንጥቅም የሚነሣው ከዚያው ከተበየደበት ቦታ ነው። በተሻጋሪዎቹ ላይ ከቱቦላሬ ወይም ከአንጎላሬ ቋሚዎች ይተከላሉ፤ ቋሚዎቹን ከላይ የጣሪያ ቅስቶች፣ ከመስኮቱ በታች አግዳሚዎች ያያይዟቸዋል። ቀጥ ብሎ መቆሙ የሚለካው ከጥግ ወደ ጥግ ሜትር በመዘርጋት ነው፤ ሁለቱ ሰያፍ ልኬቶች እኩል ካልሆኑ አጽሙ ጠሟል ማለት ነው።

ቀጥሎ ላሜራ ይለብሳል። ለጎን የሚውለው ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ዝርግ ላሜራ ቀላል ቢመስልም ረጅም ግድግዳ ላይ በዝግታ ይረግባል፤ በጉዞ ላይም ይንቀጠቀጣል፣ ይጮኻል። ለዚህ መፍትሔው ላሜራውን አሙቆ መበየድ ነው። 6 ሜትር ርዝመት ያለው የብረት ላሜራ ሙቀቱ በ100 ዲግሪ ሲጨምር 7 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። በዚያ ሁኔታ ዳርና ዳሩ ከተያዘ፣ ሲቀዘቅዝ እንደ ከበሮ ቆዳ ይወጠራል።

የባለሙያው ችሎታ የሚለየው በፓራፋንጎውና በማዕዘኑ ነው። ዝርግ ላሜራ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚታጠፍ ከሆነ ቧንቧ ላይ ተደግፎም ይታጠፋል። የጎማ ሽፋን ግን ጎማውን ተከትሎ ይቀስታል፣ ወደ ውጭም ያብጣል፤ በሁለት አቅጣጫ የሚዞር ቅርጽ በማጠፍ ብቻ አይገኝም። የተለመደው 7.50-16 ጎማ ከመሬት እስከ ጫፉ 80 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይቆማል፤ መኪናው ጭነት ሲበዛበት ባሌስትራው ይወርዳል፣ የፊት ጎማ ደግሞ መሪ ሲዞር ወደ ጎን ይወጣል። ስለዚህ የሽፋኑ ልክ የሚወሰደው መሪው እስከ መጨረሻው ዞሮ፣ ባሌስትራውም ሙሉ በሙሉ ሲወርድ ጎማው የሚደርስበት ቦታ ታስቦ ነው።

ልኩ ከታወቀ በኋላ ቅርጹ በቀጭን ፌሮ ይታሰራል፤ ይህ የሽቦ አጽም ላሜራው እየተመታ የሚለካበት መልክ ነው። በላዩ ላይ ካርቶን ተደርጎ ይቆረጣል፣ ካርቶኑ ላሜራው ላይ ተሰምሮ በመቀስ ይወጣል። ከዚያ ላሜራው አሸዋ በሞላው ከረጢት ወይም በተቦረቦረ ግንድ ላይ ይቀመጥና መሐሉ በድቡልቡል መዶሻ ይመታል። በተመታበት ቦታ ብረቱ ይሳሳል፣ ስፋቱ ይጨምራል፣ ያብጣል። ዳሩ ደግሞ መጥበብ አለበት፤ በቆርቆሮ መያዣ ጥቂት ጥቂት ይኮረማመትና ኩርማቱ እንዳያመልጥ ከጫፍ ወደ ውስጥ እየተመታ ይዋጣል። ብረት ብዙ ሲመታ ይደርቃል፣ መሰንጠቅም ይጀምራል፤ ያን ጊዜ በኦክስጅንና በአሲቲሊን ነበልባል እስኪቀላ ሞቆ ቀስ ብሎ እንዲቀዘቅዝ ይተዋል፣ ይለሰልሳልም። በመጨረሻ ከኋላው መመከቻ ብረት ተይዞለት ከፊት በዝርግ መዶሻ ይስተካከላል። እጅ ዓይን የማያየውን ጉድጓድ ስለሚለይ ባለሙያው በየመሐሉ መዳፉን እያንሸራተተ ይፈትሻል።

ቅርጹን የወሰደው ላሜራ ወደ ቦዲው ሲበየድ ሙቀት ሊያጣምመው ይችላል። ስለዚህ በአንድ ትንፋሽ አይበየድም፤ በተራራቁ ነጠብጣቦች ይያዛል፣ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው እየተዘለለም ይሞላል። የብየዳው ጉብታ በግራይንደር ከተላገ በኋላ አንቲረስት ይቀባል፤ ስቱኮ የሚመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። ስቱኮ ጥቃቅን ጉድጓድ ለመሙላት እንጂ ያልተስተካከለ ላሜራን ለመደበቅ አይደለም፤ ወፍራም ስቱኮ በንዝረት ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ ውኃ ይገባል፣ ቀለሙም ከነዝገቱ ይነሣል። በብርጭቆ ወረቀት ከተፈተገ በኋላ ቀለም በኮምፕሬሰር ይረጫል። በግድግዳው ግርጌ ውኃ የሚወጣባቸው ቀዳዳዎች መተው አለባቸው፤ የቦዲ ዝገት ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ውኃ ከሚተኛበት ከዚህ ቦታ ነው።

የተሳፋሪ ሕይወት የተመሠረተው ግን ከላሜራው በታች በተሸሸገው አጽም ላይ ነው። ብቸና ከባሕር ወለል በላይ 2,541 ሜትር፣ ሞጣ 2,487 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። ከእነዚህ ከተሞች በደጀን በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መኪና የዓባይን በረሃ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ መልሶ ይወጣል። በእንዲህ ያለ መንገድ የቦዲው ክብደት የት እንዳረፈ ወሳኝ ነው። ጣሪያው ከከበደና ፖርቶ መጋላው ላይ ጭነት ከተቆለለ መኪናው በጠመዝማዛው የመገልበጥ ዕድሉ ይጨምራል፤ ከተገለበጠም ጣሪያው ሰው ላይ መውረድ የለበትም። የተባበሩት መንግሥታት 66ኛው የተሽከርካሪ ደንብ፣ እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ የጸናው፣ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፦ አውቶብስ ሲገለበጥ በተሳፋሪዎቹ ዙሪያ የመትረፊያ ክፍተት ሳይደፈጠጥ መቅረት አለበት። ስለሆነም የመስኮት ቋሚዎች ከወለሉና ከጣሪያው ቅስት ጋር የሚያያዙባቸው ብየዳዎች ቀለም ከመቀባቱና ላሜራ ከመልበሱ በፊት አንድ በአንድ ሊመረመሩ ይገባል፤ ከተሸፈኑ በኋላ የሚያያቸው የለም።

ይኸው ሙያ በመኖሪያ ግቢ ውስጥ ለአሮጌ የቤት መኪናም ይውላል። ሰፋ ያለ ጎማ የተገጠመለት የድሮ መኪና ፓራፋንጎው ተቆርጦ ከላይ በተገለጸው መንገድ በሽቦ አጽም፣ በካርቶን፣ በአሸዋ ከረጢትና በመዶሻ ሊሰፋ ይችላል። ከ1948 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የተሠሩት የቀድሞዎቹ ላንድሮቨሮች ግን አብዛኛው ቦዲያቸው አሉሚኒየም ነው፤ ከብረት ላሜራ ጋር መበየድ አይቻልም፣ በሪቬት ቢያያዝም ሁለቱ ሲነካኩ እርጥበት አሉሚኒየሙን ስለሚበላው በመካከል ጎማ ወይም ማሸጊያ ያስፈልጋል። ለአውቶብስም ሆነ ለቤት መኪና፣ ቅርጹና ስፋቱ የተለወጠ ተሽከርካሪ ለውጡ በሊብሬው ላይ መስፈር፣ ዓመታዊ ምርመራውንም አልፎ ቦሎ መውሰድ ይኖርበታል።