የሌሊት ብርሃን፦ ፋኖሳችንን እንዴት እንያዘው?



ከኅዳር ጀምሮ ውቂያው እስኪያልቅ ድረስ በጎጃም ደጋ ብዙ ሰው ከቤቱ ውጭ ያድራል። ከደብረ ማርቆስ ዙሪያ እስከ ጮቄ ግርጌ ገበሬው አውድማውን ይጠብቃል፤ ነጋዴው ለነገ ገበያ ከጭነቱ ጋር ያድራል፤ ከከተማ ዘመድ ጥየቃ የወጡ ወጣቶቻችንም ከዘመዶቻቸው ጋር እዚያው ጎጆ ያመሻሉ። ነገሩ አዲስ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከዓባይ ማዶ የሚመጣው ሸቀጥ በባሶ ገበያ አልፎ ወደ ጎንደርና ወደ ምጽዋ ሲጓዝ፣ ከሲራራ ነጋዴዎቹ ብዙዎቹ ሙስሊሞች ነበሩ። መንገዳቸውም ሜዳ ላይ እያደሩ የሚገፋ ነበር።

እንዲህ ላለው አዳር መብራት የግድ ነው። ሆኖም ጨለማውን የሚያርቅልን ፋኖስ የዓመቱን እህል ከነሰዉ ሊያቃጥልም ይችላል። ስለዚህ በዚህ ወር ስለ ፋኖስ ልናወጋ ወደድን።

አምና በደብረ ማርቆስ አቅራቢያ አንድ አውድማ ላይ አምሽተን ነበር። ብርሃኑ ቢያንስብን ከመካከላችን አንዱ ክሩን ወደ ላይ አወጣው። ለጊዜው ደመቀ፤ ብዙም ሳይቆይ ግን ብርጭቆው በጥቀርሻ ጠቁሮ ከመጀመሪያው የባሰ ሆነ። የአውድማው ባለቤት አዛውንት አባት ሳቁብን። «ልጆቼ፣ ያወጣችሁት ጭሱን ነው እንጂ ብርሃኑን አይደለም» አሉና ክሩን መልሰው ዝቅ አደረጉት።

ልክ ነበሩ። በፋኖስ ውስጥ የሚነደው ክሩ አይደለም፤ ክሩ ስቦ ያወጣው ላምባ በሙቀት ተንኖ ነው። ትነቱ በቂ አየር ካገኘ ደምቆ ይነዳል። አየር ካጠረው ግን ተቃጥሎ ያላለቀው ካርቦን ጥቀርሻ ይሆናል። በደጋ ደግሞ አየሩ ራሱ ስስ ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2400 ሜትር ያላነሰ ከፍታ ስላላት፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳር ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ቆላ ላይ ንጹሕ ነበልባል የሚሰጥ ክር እዚህ በዚያው ቁመቱ ሊያጨስ ይችላል።

በፋኖሱ ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት ቱቦዎች ለመያዣነት ብቻ የተሠሩ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። (እኛም እስከ ቅርብ ጊዜ እንደዚያው ነበርን።) ቱቦዎቹ ግን ንጹሕ አየር ከላይ ወደ ነበልባሉ የሚያወርዱ ናቸው። ይህን ዓይነቱን ፋኖስ በ1860ዎቹና በ1870ዎቹ (እ.ኤ.አ) ያወጣው ጆን ኧርዊን የተባለ አሜሪካዊ ነው። ቱቦው ከተጨፈለቀ ወይም ሸረሪት ካደራበት ፋኖሱ ይታፈናል።

ነፋስን የሚቋቋም መብራት የማግኘቱ ሐሳብ ግን ከዚያ ብዙ የቀደመ ነው። በ3ኛው የሂጅራ ክፍለ ዘመን በባግዳድ የኖሩት ሦስቱ ወንድማማቾች፣ በኑ ሙሳ፣ «ኪታቡል ሒየል» በተባለው መጽሐፋቸው ክሩን ራሱ የሚያወጣ፣ ዘይቱን ራሱ የሚሞላና ነፋስ የማያጠፋው መብራት እንዴት እንደሚሠራ ገልጸዋል። በሱረቱ ኑር 35ኛው አንቀጽም መብራቱ በብርጭቆ ውስጥ እንዳለ ሆኖ መጠቀሱን ልብ ይሏል።

ወደ ሥራው እንግባ። ክሩ በመቀስ ቀጥ ብሎ ይቆረጥ፤ ማዕዘኖቹ ብቻ በጥቂቱ ይከርከሙ፣ አለበለዚያ ነበልባሉ ሹል ቀንድ አውጥቶ ያጨሳል። አዲስ ክር ከመለኮሱ በፊት ላምባውን እስኪጠጣ ይጠበቅ። ብርጭቆው በየቀኑ ሲቀዘቅዝ በደረቅ ጨርቅ ይወልወል። ሲለኮስ ጥቂት ደቂቃ ዝቅ ብሎ ይንደድና ብርጭቆው ከሞቀ በኋላ ከፍ ይበል፤ በደጋው ብርድ በድንገት የጋለ ብርጭቆ ይሰነጠቃል። ላምባው ውኃ ከገባበት ነበልባሉ ይንጣጣል። ቤንዚን ግን ፈጽሞ አይቀላቀልበት! በዚህ ቀልድ የለም። ማሾ ያለው ሰው ብርሃኑ ብዙ ነው፤ ሙቀቱም እንደዚያው ስለሆነ ከሣር ክዳን በጣም ይራቅ።

አውድማ ላይ ዋናው ጉዳይ ጭዱ ነው። ፋኖሱ ክምሩ አጠገብ አይቀመጥ። መሬቱ ተጠርጎ እንጨት ይተከልና ነፋሱ ከክምሩ ወደ ፋኖሱ በሚነፍስበት በኩል ይሰቀል፤ ቢወድቅ እንኳ እሳቱ ወደ እህሉ እንዳይነዳ። ላምባ የሚሞላው በቀን፣ ፋኖሱ ቀዝቅዞ ሳለ ነው። ጎጆውን ወይም ድንኳኑን ዘግቶ ፋኖስ አብርቶ መተኛት፣ ይልቁንም የከሰል ማንደጃ አስገብቶ ማደር፣ ሽታና ቀለም በሌለው መርዘኛ ጋዝ ከእንቅልፍ ሳይነቁ መሞትን ያስከትላል። ብርዱ ቢበረታም ጋቢ ይደረብ እንጂ ከሰሉ ውጭ ይቅር።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በዚህ ጉዳይ ያስተማሩት ግልጽ ነው። ቡኻሪና ሙስሊም ከአቡ ሙሳ አል አሽዐሪ (ረ.ዐ) እንደዘገቡት፣ በመዲና አንድ ቤት በሌሊት ከነሰዎቹ በተቃጠለ ጊዜ እሳት ጠላታችን መሆኑን ነግረው ስንተኛ እንድናጠፋው አዘዋል። በጃቢር (ረ.ዐ) ዘገባም ምክንያቱ ተጠቅሷል፤ አይጥ የመብራቱን ክር ጎትታ ቤተሰቡን ልታቃጥል ትችላለች። የጎተራ አይጥ ያየ ሰው ይህ ይገባዋል።

አራስ ወይም ሕፃን ያላቸው እናቶች «ሌሊቱን ጨርሶ ማጥፋት እንዴት ይሆናል?» ብለው ይጠይቃሉ። ኢማም ነወዊ በሶሒሕ ሙስሊም ማብራሪያቸው፣ የተሰቀለ መብራት ቃጠሎ የሚያሰጋ ከሆነ በትእዛዙ ውስጥ እንደሚገባ፣ ስጋት ከሌለው ግን ችግር እንደሌለው ገልጸዋል። ምክንያቱ ሲወገድ ክልከላውም ይነሳል ማለታቸው ነው። ወላሁ አዕለም።

ለእነዚህ እናቶች ዛሬ የተሻለው የፀሐይ ፋኖስ ነው፤ ነበልባል የለውም። ከኅዳር እስከ ጥር ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል መሙያ ሰሌዳው ወደ ደቡብ ጋደል ይበል፤ አቧራውም ይጠረግ። ባትሪው በብርድ ስለሚደክም ሜዳ ላይ የሚያድር ሰው በማይጠቀምበት ሰዓት ከጋቢው ሥር ቢያኖረው ይሻላል። ሲበራ ከራስ በላይ ይሰቀልና ከኋላው ነጠላ ይዘርጋ፤ ብርሃኑ ዓይን ሳይወጋ ይበተናል። ይህም ከሌለ የስልክ መብራት ወደ ላይ አብርቶ ውኃ የተሞላ የላስቲክ ጠርሙስ ማቆም ነው። ስልኩ እንዳይረጥብ ክዳኑ ይጥበቅ።