የፎገራ ዋልካ አፈር ጠባይና የወረታ ገበያ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዝ ነጋዴ ወረታ ሲደርስ በስተ ግራው እስከ ጣና ሐይቅ ድረስ የተንጣለለውን የፎገራን ሜዳ ያያል። ወደ ሰሜን ጥቂት እንደ ተጓዘም በአዲስ ዘመን አጠገብ በጥንታዊ ደን የተሸፈነውን የጣራ ገዳምን ኰረብታ ያገኛል። ሜዳው ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ሲሆን ኰረብታው ከ2,100 ሜትር በላይ ነው። ይህ ልዩነት ለተጓዥ ብዙ አይደለም፤ ለአፈሩ ግን ሌላ አገር የመሆን ያህል ነው። በተዳፋቱ ላይ ያለው አፈር ቀላ ያለ፣ ስስና ውሃን ፈጥኖ የሚያሳልፍ ነው፤ የሜዳው ግን ጥቁር፣ ጥልቅና የያዘውን ውሃ በቀላሉ የማይለቅ ነው። የአገሩ ገበሬ ይህን ጥቁር አፈር ዋልካ ይለዋል፤ በሸዋ መረሬ የሚባለውም የዚሁ ወገን ነው። በዓለም የአፈር አመዳደብ ስሙ ቬርቲሶል ሲሆን፣ ቃሉ መገልበጥ ከሚል የላቲን ግስ የወጣ ነው። በኢትዮጵያ ውስጥ ይህ ዐይነት አፈር 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ያህል መሬት እንደሚይዝ፣ ከዚህም ውስጥ 7.6 ሚሊዮኑ በደጋው ክፍል እንደሚገኝ ተገምቷል።

ነጋዴ የአፈርን ጠባይ ማወቁ ምን ይጠቅመዋል የሚል ሰው ቢኖር፣ መልሱ በወረታ ገበያ ላይ ይገኛል። ሩዙ በምን ወር ወደ ወፍጮ እንደሚገባ፣ ሽንብራውና ጓያው ለምን ከሌላው እህል ዘግይቶ እንደሚመጣ፣ የጭነት መኪና መቼ ከዋናው መንገድ ወጥቶ ወደ ገጠር ሊገባ እንደሚችል፣ ባለ ሱቁም የትኛውን ማዳበሪያ መቼ ማቅረብ እንደሚገባው የሚወስነው በአብዛኛው ይኸው አፈር ነው። ይሁን እንጂ አፈሩን ብዙ ሰው የሚያውቀው በቀለሙ ብቻ ስለ ሆነ፣ በግምት የሚደረገው ግዢና ሽያጭ፣ የመጋዘንም ሥራ ጭምር፣ ብዙ ገንዘብ ያስከስራል።

አፈርን ለይቶ ለማወቅ ሦስት ዐይነት ማስረጃ ያስፈልጋል፤ እነርሱም የመስኩ ጥናት፣ የላቦራቶሪው ምርመራና የአየር ጠባይ መዝገብ ናቸው። ከሦስቱ አንዱ ሲጐድል የሚሰጠው ስም ከግምት አይሻልም።

የመስኩ ጥናት የሚጀምረው በጕድጓድ ነው። አጥኚው ከኰረብታው ግርጌ ተነሥቶ እስከ ሐይቁ ዳር ድረስ እየተጓዘ በየርቀቱ ምድርን ይቦረቡራል፤ የአፈሩ መልክ በተለወጠበት ስፍራ ደግሞ እስከ ሁለት ሜትር የሚጠልቅ ጕድጓድ ያስቆፍራል። በዋልካ ጕድጓድ ግድግዳ ላይ የሚታየው ነገር በሌላ አፈር አይገኝም። በበጋ ከላይ ወደ ታች የሚወርዱ ስንጥቆች አሉ፤ ከሥር ደግሞ አፈሩ ሲያብጥ አንዱ ክፍል በሌላው ላይ እየተንሸራተተ የወለወለው፣ እንደ ተቀባ ሸክላ የሚያብረቀርቅ ገጽ ይታያል። የአፈሩም ጓል እንደ ሽብልቅ ቅርጽ ያለው ነው። በበጋ ከላይ ያለው ብናኝ በስንጥቁ ገብቶ ወደ ታች ይወድቃል፤ በክረምት አፈሩ ሲያብጥ መሬቱ እርስ በርሱ ይገፋፋል፤ አፈሩ ራሱን ያርሳል የሚባለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ይሁን እንጂ በሜዳው ላይ ያለው ሁሉ ዋልካ አይደለም። ርብና ጉማራ የሚባሉት ወንዞች ከጉና ተራራ አካባቢ ተነሥተው፣ ከጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጨውን ደለል ተሸክመው በፎገራ በኩል ወደ ጣና ይገባሉ። በወንዞቹ ዳርና ዳር ያለው አፈር ገና አዲስ ስለ ሆነ፣ በጕድጓዱ ግድግዳ ላይ የየጎርፉ ደለል እንደ ተነባበረ ጨርቅ ተለይቶ ይታያል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ፎገራንና ሊቦ ከምከምን ያጥለቀለቀውን የመሰለ ጎርፍ በመጣ ቊጥር አንድ ንብር ይጨመርበታል። ይህ የወንዝ ዳር አፈር ከዋልካው ይልቅ ለስላሳ በመሆኑ በበጋ በሞተር ውሃ እየተሳበ ሽንኩርትና ቲማቲም ይለማበታል። ስለዚህ የፎገራ አፈር ብሎ በአንድ ስም መጥራት ለጨዋታ ካልሆነ በቀር ለንግድ አይበቃም።

በዚህ አካባቢ ሰፊ የመሬትና የውሃ ጥናት መደረግ የጀመረው ቀደም ብሎ ነው። የኢትዮጵያና የአሜሪካ መንግሥታት በጋራ ባካሄዱትና በ1956 ዓ.ም. በተጠናቀቀው የዓባይ ሸለቆ ጥናት የሸለቆው አፈር ተመርምሮ፣ የርብና የጉማራ ሜዳዎች ለመስኖ ከታሰቡት ስፍራዎች ውስጥ ተቈጥረው ነበር።

ከጕድጓዱ በየንብሩ የተወሰደው አፈር በጥላ ደርቆ፣ ተፈጭቶና በሁለት ሚሊ ሜትር ወንፊት ተነፍቶ ወደ ላቦራቶሪ ይገባል። በመጀመሪያ የሚመረመረው የቅንጣቱ መጠን ነው። ከሚሊ ሜትር ሁለት ሺኛ እጅ የሚያንሰው ቅንጣት የሸክላ አፈር ክፍል ሲሆን፣ በዓለም አመዳደብ መሠረት አንድ አፈር ቬርቲሶል ለመባል ይህ ክፍል ከመቶ 30 ያላነሰ መሆን ይገባዋል። የፎገራው ዋልካ ከዚህ ልክ እጅግ ያለፈ ከባድ ሸክላ ነው። ከሸክላውም ዐይነት አብዛኛው ስሜክታይት የሚባለው ነው፤ ይህም በስስ ቅጠሎቹ መካከል ውሃ እያስገባ የሚያብጥ፣ ሲደርቅም የሚኰማተር ነው። ለምሳሌ ያህል በርጥበቱ በየጎኑ 10 ሳንቲ ሜትር የነበረ ጓል ደርቆ በየጎኑ 9 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ በአንድ ጎን የጐደለው ከዐሥር አንድ ብቻ ቢመስልም ከጠቅላላው ይዘቱ ከሩብ የበለጠ ጠፍቷል። ምድርን የሚሰነጥቀው ይህ ጉድለት ነው።

ሁለተኛው ምርመራ ብዙዎችን የሚያስደንቅ ነው። ጥቁር አፈር ሁሉ በብስባሽ የበለጸገ ይመስላል፤ ነገር ግን የዋልካው ጥቁረት ከብስባሽ ብዛት የመጣ አይደለም። ጥቂት የሆነው ብስባሽ ከሸክላው ጋር ጠብቆ ስለ ተጣበቀ አፈሩን ያጠቊረዋል እንጂ መጠኑ ትንሽ ነው። በዚህም ምክንያት ካልሲየምና ማግኒዥየም በብዛት ሲገኙበት፣ ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ግን ያንሱታል። የአሲድነቱ መለኪያ በወረታ በሚገኘው በፎገራ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል መስክ ወደ 6 የሚጠጋ በመሆኑ፣ ለጐምዛዛው የደጋ ቀይ አፈር የሚታዘዘው ኖራ ለዚህ አያስፈልገውም። ኖራ ጭኖ ወደ ወረታ የሚመጣ ነጋዴ ገዢውን በደጋው በኩል እንጂ በሜዳው ላይ ባይፈልግ ይሻለዋል።

የአየር ጠባዩ መዝገብ ለጌጥ የሚጨመር ሳይሆን በአፈሩ ስም ውስጥ የሚገባ ነው። በአሜሪካኖቹ የአፈር አመዳደብ፣ ስንጥቁ 5 ሚሊ ሜትርና ከዚያም በላይ ሰፍቶ በዓመት ውስጥ በድምሩ 90 ቀን ወይም ከዚያ በላይ ክፍት ሆኖ የሚቈይ ቬርቲሶል ዩስተርት ከሚባለው ወገን ይመደባል። ቀኑን ለመቊጠር ደግሞ የዝናቡን መዝገብ ማየት ግድ ነው። በወረታ አካባቢ በዓመት በአማካይ ከ1,200 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ይዘንባል፤ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ነው። በሐምሌና በነሐሴ የሚዘንበው ፀሐይና ነፋስ ከሚወስዱት እጅግ ይበልጣል። በሰኔ መጀመሪያ ውሃው በስንጥቁ ገብቶ ይሰወራል፤ ስንጥቁ ከተዘጋ በኋላ ግን ሸክላው የሚያሳልፈው በጣም ጥቂት ስለ ሆነ ቀሪው በሜዳው ላይ ይተኛል። ከኅዳር በኋላ ዝናቡ የለም ለማለት የሚያስደፍር ነው፤ የቀኑም ሙቀት ወደ 27 ወይም 28 ዲግሪ ስለሚደርስ መሬቱ እየደረቀ ይሰነጠቃል።

እነዚህ ሦስቱ ማስረጃዎች በአንድነት ሲነበቡ የገበያው ጠባይ ግልጽ ይሆናል። በደጋው ዋልካ ላይ ውሃውን በቦይ አስወጥቶ ስንዴ ለመዝራት፣ በ1978 ዓ.ም. በተጀመረው የጋራ የቬርቲሶል ጥናት ሁለት የአገር ማረሻ ተያይዘው ሰፊ መደብ የሚያወጡበት መሣሪያ ተሠርቶ ነበር። በፎገራ ግን ሜዳው ዝርግ ስለ ሆነ ከማሳው የወጣው ውሃ የሚሄድበት ቊልቊለት የለም። ለዚህም መፍትሔ የሆነው ውሃውን የሚወድ ተክል ማግኘት ነበር። በ1970ዎቹ ዓ.ም. የሰሜን ኮርያ ባለሞያዎች ያሳዩት ሩዝ፣ በተለይም ኤክስ ጅግና የተባለው ዘር፣ ቀድሞ ለግጦሽና ለጓያ ብቻ በሚውለው ረግረግ ላይ ተስፋፋ። በዚያ ረግረግ ስማቸው የገነነው የፎገራ ከብቶች ግጦሻቸው መጥበቡ ግን ሊካድ አይገባውም።

ሩዙ በኅዳርና በታኅሣሥ ታጭዶ ወደ ወረታ ወፍጮዎች ይገባል። ከዚያ በኋላም አፈሩ ሥራውን አይጨርስም። በአንድ ሜትር ጥልቀት ውስጥ ለተክል የሚሆን 150 ሚሊ ሜትር ያህል ውሃ ቢይዝ፣ ይህ በአንድ ሄክታር 1,500 ሜትር ኩብ ማለት ነው። ተክሉ በቀን 3 ሚሊ ሜትር ቢወስድ ያለ አንዳች ዝናብ 50 ቀን ያቈየዋል። ጓያና ሽንብራ በዚህ በተቀመጠ ርጥበት በቅለው በጥርና በየካቲት ለገበያ የሚደርሱት ስለዚህ ነው። የመስከረም ዝናብ ቀድሞ ባቋረጠበት ዓመት የእነዚህ ጥራጥሬዎች አቅርቦት እንደሚያንስ ላኪው ከአራት ወር በፊት ሊገምት ይችላል።

ስለ ማዳበሪያ አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። አንድ ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎ ግራም ናይትሮጅን ይዟል። ይሁን እንጂ አየር በሌለበት በተኛ ውሃ ውስጥ ወደ ናይትሬት የተለወጠው ናይትሮጅን ጋዝ ሆኖ ይጠፋል። ስለዚህ ገበሬው ዩሪያውን ከፋፍሎ በየጊዜው እንዲሰጥ ይመከራል፤ ባለ ሱቁም ዕቃውን በሰኔ ብቻ ጨርሶ ከመሸጥ ይልቅ ለነሐሴ የሚሆን ማስቀረት ይገባዋል። በ2004 ዓ.ም. ግድም የአገሪቱ አፈር በየወረዳው መመርመር ከተጀመረ ወዲህ፣ ዳፕ የሚባለው ማዳበሪያ ድኝ በተጨመረበት ኤን.ፒ.ኤስ. ተተክቶ እንደ ነበር ይታወቃል። ይህም 19 እጅ ናይትሮጅን፣ 38 እጅ ፎስፌትና 7 እጅ ድኝ የያዘ ነው።

የመጨረሻው ነገር ስለ መጋዘን ነው። ወረታ የባሕር ዳርና የጎንደር መንገድ ከደብረ ታቦርና ከወልድያ መንገድ ጋር የሚገናኝበት ከተማ ስለ ሆነ መጋዘን የሚሠራበት ነጋዴ ብዙ ነው። በቀይ አፈር ላይ የተለመደውን መሠረት በዋልካ ላይ የሚደግም ሰው፣ በክረምት ወለሉ ተነሥቶ፣ በበጋ ግድግዳው ተሰንጥቆ ያገኘዋል። ዋልካው ተቈፍሮ መውጣትና በማያብጥ ጠጠራማ አፈር መተካት አለበት፤ የጣራውም ውሃ በቦይ ከግድግዳው ርቆ መፍሰስ ይኖርበታል። ቦታ የሚገዛ ነጋዴ መሬቱን በነሐሴ ሳይሆን በሚያዝያ ቢያይ መልካም ነው፤ በነሐሴ ሁሉም ጭቃ ነው፣ በሚያዝያ ግን ዋልካው ስንጥቁን ሊደብቅ አይችልም።