ባንክ ድንበር ሲሻገር ቁጥጥሩም ይሻገር

እ.ኤ.አ. ጁን 26 ቀን 1974 የጀርመን ተቆጣጣሪዎች ኮሎኝ ከተማ የሚገኘውን ኸርሽታት ባንክ ዘጉ። ባንኩ በውጭ ምንዛሪ ንግድ ከስሮ ስለነበር መዘጋቱ ተገቢ ነበር፤ ጣጣው ሰዓቱ ላይ ነው። ጀርመን ውስጥ የባንክ ሥራ ሲያበቃ ኒውዮርክ ገና ረፋድ ነበር። የኸርሽታት ደንበኛ ባንኮች የጀርመኑን ገንዘብ ማርክ ጀርመን ውስጥ ከፍለው ዶላሩን ኒውዮርክ ላይ ሲጠብቁ ክፍያው ቆመ። ዓመቱ ሳያልቅ የአሥሩ ቡድን አገሮች የማዕከላዊ ባንክ ገዥዎች ስዊዘርላንድ፣ ባዝል ከተማ ውስጥ የባንክ ቁጥጥር ኮሚቴ አቋቋሙ።

ኮሚቴው ሕግ የማውጣት ሥልጣን የለውም፤ የሚስማማበትን ደንብ አባል አገሮች በየሕጋቸው ያስገቡታል። እ.ኤ.አ. በ1988 ባንኮች በስጋት ከተመዘነ ሀብታቸው ቢያንስ 8 በመቶ የሚሆን ካፒታል እንዲይዙ ወሰነ። ካፒታል ብድር ሳይመለስ ሲቀር ከገንዘብ አስቀማጩ በፊት ኪሳራውን የሚሸከም ነው። አንድ አገር ብቻውን ቢያጠብቅ ሥራው ልል ደንብ ወዳለበት ይሸሻል፤ ስለዚህ ዝቅተኛው ልክ የጋራ መሆን አለበት። መረጃም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ1991 የተዘጋው ቢሲሲአይ የተባለ ባንክ በሉክሰምበርግና በኬይማን ደሴቶች ተመዝግቦ ዋና ሥራውን ከለንደን ይመራ ስለነበር፣ ሙሉ ገጽታውን አንድም ተቆጣጣሪ አላየውም።

ደንቡ እ.ኤ.አ. የ2008ቱን የገንዘብ ቀውስ አላስቆመም የሚሉ ተቺዎች እውነት አላቸው። ነገር ግን ያ የሚያሳየው ደንቡ መጥበቅ እንደነበረበት ነው፤ ባዝል ሦስት የተባለው ማሻሻያም የካፒታሉን ጥራትና መጠን ከፍ አደረገ። በተቃራኒው አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2018 ለመካከለኛ ባንኮች ቁጥጥሩን አላላች፤ በ2023 ሲሊከን ቫሊ ባንክ ወደቀ። የአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ ራሱ ባወጣው ግምገማ ማላላቱ ቁጥጥሩን እንዳዳከመው አምኗል።

ሌላው ተቃውሞ እኛን ኢትዮጵያውያንን ይመለከታል፤ ደንቡን የሚጽፉት በአብዛኛው ሀብታም አገሮች ናቸው፣ ኢትዮጵያም የኮሚቴው አባል አይደለችም። ይህ ቅሬታ ተገቢ ነው፤ ውክልናው መስፋት አለበት። ሆኖም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. የውጭ ባንኮች እንዲገቡ የሚፈቅደውን አዋጅ አጽድቋል። አዲስ አበባ ላይ የሚከፈት ቅርንጫፍ ጤንነቱ ከእናት ባንኩ ጋር የተያያዘ ነው፤ የእናት ባንኩን መዝገብ የሚመረምረው ደግሞ የውጭ ተቆጣጣሪ ነው። ብሔራዊ ባንክ ከዚያ ተቆጣጣሪ ጋር መረጃ የሚለዋወጥበት ጽኑ ስምምነት ከሌለው ፈቃድ የሚሰጠው ግማሹን ብቻ አይቶ ነው። ሉዓላዊነት የሚጠበቀው ሙሉውን አይቶ መወሰን ሲቻል ነውና፣ ስምምነቱ ከፈቃዱ መቅደም አለበት።